ከዓረቢያው ሎውረንስ እስከ ማታር፦ የአገጭ ነገር

ማታርን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ… እሺ፣ ብዙ አይደላችሁም። ከጋምቤላ ከተማ ተነስታችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ኢታንግን ታልፋላችሁ፣ ላሬን ታልፋላችሁ፣ ኢትዮጵያ ልታልቅ ስትል በኑዌር ዞን የዋንቱዋ ወረዳን ዋና ከተማ ታገኛላችሁ። ማታር ማለት እሷ ናት። ድንበሩን የተሻገረ ደቡብ ሱዳን ገባ ማለት ነው። ታኅሣሥ 2006 ላይ እዚያ ማዶ ጦርነቱ ሲፈነዳ ነፍሱን ይዞ የሸሸው ሕዝብ ከገባባቸው በሮች አንዷ ነበረች። በክረምት ውሃውና ጥቁሩ ጭቃ መንገዱን ይውጡታል። በበጋ ደግሞ ያው ጭቃ ደርቆ ይሰነጣጠቅና ጎማ የሚይዝ ቦይ ይሆናል። በዚህ መንገድ ላይ ንጉሡ ሞተር ነው።

ባለፈው በጋ ለሥራ ሄጄ አንድ ሞተረኛ ጭኖኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ የኑዌር ልጅ። ‹‹ማሌ›› ብዬ ሰላም ስለው (ከኑዌርኛ የማውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት) ሳቀብኝና በጥሩ አማርኛ መለሰልኝ። ጭንቅላቱ ላይ ያደረገው ሄልሜት ያ አገጩ ወደ ላይ የሚከፈተው ዓይነት ነው። ታውቁታላችሁ፤ ሲዘጋ ሙሉ ፊት ይሸፍናል፣ ቁልፏን ሲጫኗት ደግሞ አገጩ ከነመስታወቱ ተነስቶ ግንባር ላይ ይቀመጣል። የእሱ ግንባሩ ላይ ነበር። ተነሳን፣ ፍጥነት ጨመርን፣ አሁንም ግንባሩ ላይ ነው።

‹‹ወንድሜ፣ ለምን አትዘጋውም?›› ብዬ ከኋላ ጮህኩ።

‹‹እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ዘግቼ በምን ልተንፍስ? ደግሞ ኬላ ላይ ፊትህን አሳይ ይሉኛል።››

ሁለቱም መልስ ትክክል ነው። የጋምቤላ ቆላ በየካቲትና በመጋቢት ቴርሞሜትሩን ከ40 ዲግሪ በላይ ያሻግረዋል። ድንበር አካባቢ ደግሞ ፊቱን የሸፈነ ሰው አይወደድም። እኔ ግን የቀረውን መንገድ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ሄደ። አሁን ብንወድቅ፣ ይሄ ግንባሩ ላይ የተሰቀለው ነገር ምን ያደርጋል? ተዘግቶ ቢሆንስ ይይዝ ነበር? ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ሳገላብጥ የሄልሜት ታሪክ የአገጭ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። የሰው ልጅ አናቱን ለመሸፈን ከወሰነ በኋላ አገጩ ላይ እስኪደርስ ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

መጀመሪያው የሚጀምረው ከውድድር ሜዳ ነው። ኤሪክ ጋርድነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ብሩክላንድስ በሚባለው የመወዳደሪያ ሜዳ እየሠራ ሞተረኞች ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሲመጡበት ሰለቸውና ከሸራና ከሙጫ ጠንካራ ቆብ አሠራ። የውድድሩ ኃላፊዎች መጀመሪያ አልተቀበሉትም። ቆይተው ግን እ.ኤ.አ. በ1914 በማን ደሴት ለሚደረገው ታዋቂ ውድድር ግዴታ አደረጉት። ከውድድሩ በኋላ የደሴቲቱ ሐኪም ‹‹በየዓመቱ የምናገኛቸውን ደስ የሚሉ የጭንቅላት ጉዳቶች ዘንድሮ አሳጣችሁን›› ዓይነት ቅሬታ አቅርቧል ይባላል። (ሐኪሞች ሲቀልዱ እንዲህ ናቸው።) ከውድድር ሜዳ ውጪ ያለው ሞተረኛ ግን ኮፍያውን እንዳደረገ፣ አንዳንዱም ያለ ምንም፣ ሌላ 20 ዓመት ነዳ።

ከዚያ የዓረቢያው ሎውረንስ መጣ። ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፣ የሚጀምረው በሞተር አደጋው ነው። ቲ. ኢ. ሎውረንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓረቦችን ከኦቶማኖች ጋር ሲያዋጋ ኖሮ ጥይት ያልገደለው ሰው ነው። በግንቦት 1935 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ቤቱ አጠገብ ብራፍ ሱፒሪየር ሞተሩን ሲነዳ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲያጥፍ ተወረወረ። ሄልሜት አላደረገም። ስድስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ ሞተ፤ 46 ዓመቱ ነበር።

ሊያክሙት ከተጠሩት አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል አውስትራሊያዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ሰውየውን ማዳን አልቻለም፤ ጉዳዩን ግን አልተወውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ከተሞች ቦምብ እየፈሩ መብራታቸውን አጠፉ፤ የጦሩ መልእክተኞች ሌሊት በጨለማ በሞተር ይከንፉ ጀመር። ኬርንስ ቁጥሩን ሲቆጥር በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ብሪታንያ ውስጥ 2,279 ሞተረኞችና ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሞተዋል። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት 21 ወራት የሞቱት 1,884 ነበሩ። ከመረመራቸው ጉዳተኞች መካከል ሄልሜት አድርገው የተገኙት ሰባት ብቻ ሲሆኑ ሰባቱም በሕይወት ነበሩ። ጽሑፉ በጥቅምት 1941 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በቀጣዩ ወር የእንግሊዝ ጦር ለሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ።

በነገራችን ላይ ያ ዓመት የእኛም ነው። በመጋቢት 1933 በእንግሊዝ በኩል የተሰለፈው ጦር ጋምቤላን ከጣሊያን እጅ አስለቀቀ። በዚያው ክረምት ከጋምቤላ ወደ ደጋው የወጡት የቤልጂየም ኮንጎ ወታደሮች ሳዮ (የዛሬዋ ደምቢዶሎ) ላይ የጣሊያኑን ጄኔራል ጋዜራን አስማረኩ። ጋምቤላ ያኔ በባሮ ላይ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ የሚደረስባት የንግድ ወደብ ነበረች። ሞተር አገር ምድሩን የሚገዛበት ዘመን ገና አልመጣም።

ወደ ሄልሜቱ እንመለስ። የኬርንስ ዘመን ሄልሜት አናትን ብቻ የሚይዝ ጠንካራ ቆብ ነበር። ቀጣዩ ትልቅ ዝላይ ከውጪው ሳይሆን ከውስጡ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሎምባርድ ለአዲስ ሄልሜት የፈጠራ መብት ተሰጠው። የሐሳቡ ፍሬ አጭር ነው፦ ጠንካራው ሽፋን ብቻውን ምንም አይደለም፣ በሽፋኑና በጭንቅላቱ መሃል ምቱን የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። ዛሬ ያ ነገር ነጩ ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኘው የዚያ ዘመድ፣ ግን በልክ የጠጠረ። ፎሙ ሲመታ ይጨፈለቃል። እየተጨፈለቀም ጭንቅላቱ የሚቆምበትን ጊዜ በሺህኛ ሰከንዶች ያረዝመዋል። አንጎልን የሚያተርፈው ያች ትርፍ ጊዜ ናት። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ግን አይመለስም። አንዴ የወደቀበትን ሄልሜት ‹‹ደህና ነው፣ ቀለሙ ብቻ ነው የተፋቀው›› ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሲመጣ ይቺን አስታውሱ።

ብዙ ሰው የሚስቀውን አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓው የቀድሞ ደረጃ (ኢሲኢ 22.05 የሚባለው) ሄልሜትን ይፈትን የነበረው በሰከንድ 7.5 ሜትር በሆነ ፍጥነት ብረት ላይ በመጣል ነው። በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር! ‹‹እኔ በ80 ነው የምነዳው፣ ታዲያ ምን ያደርግልኛል?›› ይላል ሞተረኛው። ሰው ከሞተር ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ግን ጭንቅላቱ መሬቱን ወደ ታች የሚመታበት ፍጥነት በአብዛኛው የሚወሰነው በወደቀበት ከፍታ ነው፤ የ80ው ፍጥነት በመንሸራተት ያልቃል። 7.5 ሜትር በሰከንድ ከሦስት ሜትር ትንሽ ዝቅ ካለ ከፍታ መውደቅ ነው። ዛፍ ወይም የቆመ አይሱዙ መሃል መንገድ ካገኛችሁ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እሱን ማንም ሄልሜት ቃል አይገባላችሁም።

አሁን ወደ አገጩ ደረስን። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ ጥሩ የሚባለው ሄልሜት እንኳ ፊቱ ክፍት ነበር። ‹ጄት› የሚሉት ነው፤ እንደ አብራሪ ቆብ። ቤል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ሄልሜት ሠራ። በ1968 ዳን ገርኒ ፎርሙላ ዋን ውስጥ አድርጎት ሲገባ ሰው ተገርሞ አየው። ሙሉ ፊቱ ዓይን ያጠብባል፣ አንገት ይሰብራል የሚሉም አልጠፉም። በኋላ በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ የመረመረው የሃሪ ኸርት ቡድን (ሪፖርቱ የወጣው በ1981 ነው) ይህን ሥጋት የሚደግፍ ነገር አላገኘም። ሃኖቨር ውስጥ ዲትማር ኦተ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ደግሞ የተመቱ ሄልሜቶችን እያየ ምቱ የት እንዳረፈ በካርታ መልክ አስቀመጠ። ሲሶ የሚሆነው ያረፈው አገጭ አካባቢ ነው! ያ የምንንቀው፣ ‹‹አናቴ እስከተሸፈነ›› እያልን የምንረሳው ቦታ።

የአገጭ ምት ጥርስ ማራገፍ ብቻ አይምሰላችሁ። የታችኛው መንጋጋ ጆሮ ሥር ከራስ ቅል ጋር ይገጥማል። ምቱ በመንጋጋው በኩል አልፎ የራስ ቅሉን መሠረት ሊሰነጥቅ ይችላል፤ እዚያ አካባቢ ደግሞ ዋና ዋና የደም ሥሮችና ነርቮች ያልፋሉ። አናቱ ሳይነካ በአገጩ የሚሞት ሰው አለ።

እንግዲህ ‹ተከፋቹ› የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ፊቱ ያድናል፣ ግን ያፍናል፣ መነጽር አያስደርግም፣ ለማውራት ማውለቅ ይጠይቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑ ሹበርት ለቢኤምደብልዩ ሞተረኞች አገጩ የሚነሳ ሄልሜት ሠራላቸው። መነጽር የሚያደርጉ፣ ቶሎ ቶሎ ቆመው ከሰው ጋር የሚነጋገሩ፣ ሞተረኛ ፖሊሶች፣ ሁሉም ወደዱት። የታሰበው ግን ቆመህ እንድትከፍተው ነው፤ ስትነሳ እንድትዘጋው።

ችግሩ ግልጽ ነው። ሙሉ ፊቱ አንድ ወጥ አካል ነው፤ ተከፋቹ ግን ማጠፊያና መቆለፊያ አለው። በአደጋ ጊዜ አገጫችሁን የሚጠብቀው ያች መቆለፊያ ናት። ከብረት ናት ወይስ ከፕላስቲክ? ሁለቱም ወገን እኩል ትይዛለች ወይስ በአንድ ወገን ተንጠልጥላለች? የመጀመሪያው ምት ከከፈታት ሁለተኛው ምት የሚያገኘው ባዶ ፊት ነው። አደጋ ደግሞ በአንድ ምት አያልቅም፤ ሰው ይንከባለላል።

ደረጃዎቹ ራሳቸው ለዚህ ዓይነቱ ሄልሜት መልስ ለመስጠት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት የአሜሪካው ‹ዶት› አገጩን በምት አይፈትንም፤ እስካሁንም። የአውሮፓው 22.05 ግን ሄልሜቱን በፊደል ይለየዋል። ማሰሪያው ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ብታዩ ከቁጥሩ ጋር የላቲን ፊደል አለ። ‹ፒ› ከሆነ አገጩ በሰከንድ 5.5 ሜትር ተመትቶ አልፏል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ እንደመውደቅ ነው። ‹ጄ› ከሆነ እንደ ክፍት ሄልሜት ብቻ ነው የተፈተነው። ‹ኤንፒ› ደግሞ አገጩ ለንፋስ እንጂ ለምት አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም፣ ‹ፒ/ጄ›፣ ካለበት ተዘግቶም ተከፍቶም ተፈትኗል። አስቡት፤ ከሩቅ አንድ የሚመስሉ ሁለት ተከፋቾች፣ የአንዱ አገጭ ጋሻ፣ የሌላው አገጭ ጌጥ!

የብሪታንያ መንግሥት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሻርፕ የሚባል ፕሮግራም አቋቁሞ ሄልሜቶችን ከገበያ እየገዛ መፈተን ጀመረ። ለተከፋቾቹ አንድ ተጨማሪ ቁጥር አወጣላቸው፦ ከስንቱ ምት በስንቱ አገጩ ተቆልፎ ቀረ? ውጤቱ ለክርክር የሚመች አይደለም። መቶ በመቶ የያዙ አሉ። ሁሉም የሚጠበቅበትን ሕጋዊ ደረጃ አሟልቶ ሲያበቃ በብዙው ምት የተከፈቱም አሉ። ስለዚህ ‹‹ተከፋች ሄልሜት አደገኛ ነው›› የሚለው ጥቅል ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ጥሩው ተከፋች ሲዘጋ ከሙሉ ፊት ብዙም አይርቅም። መጥፎው ግን ጥሩ መስሎ መታየቱ ነው ጉዱ። እ.ኤ.አ. ከ2021 የጀመረው አዲሱ 22.06 ተከፋቾችን በሁለቱም አኳኋን መፈተንን ግዴታ አድርጓል። ጭንቅላትን የሚጠመዝዝ የጎን ምትም ጨምሯል።

የማታሩ ሞተረኛ ግን የመቆለፊያው ጥራት ጭራሽ አያሳስበውም፤ አይቆልፈውማ! የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ሄልሜቱ ‹ፒ› ብቻ ከሆነ ተከፍቶ ሲነዳበት በዚያ አኳኋን ማንም ፈትኖት አያውቅም። አገጩ ግንባር ላይ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ይሄዳል፤ ንፋስ ይይዘዋል፤ አንገት ይጎትታል። ወደ ፊት ከተወደቀ ቀድሞ መሬት የሚነካው ያ የወጣው ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ምቱን ከመብላት ይልቅ ጭንቅላቱን እንደ ማንሻ ዘንግ ያጥፈዋል። ተከፋቹን ሁልጊዜ ከፍቶ የሚነዳ ሰው እንግዲህ የሙሉ ፊቱን ክብደት ተሸክሞ የክፍቱን ጥበቃ፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ፣ ነው የሚያገኘው።

እኛ አገር ሕጉ የለም እንዳትሉ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ሞተረኛን ያለ ሄልሜት አትንዳ ይለዋል። ግን ትራፊኩ የሚያየው አናት ላይ ነገር መኖሩን ነው፤ ውስጡ ፎም ይኑር ስፖንጅ አይጠይቅም። ሌላው ባለሥልጣን ደግሞ የሚያየው ፊት ነው። ሰኔ 2011 መጨረሻ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ሳይክሎችን ከከተማዋ መንገዶች ሲገድብ የሰጠው ምክንያት የመንገድ አደጋ አልነበረም፣ ዝርፊያ ነው። ፊቱን ሸፍኖ ቦርሳ ነጥቆ የሚጠፋ ሞተረኛ ያኔ ሁላችንንም አስፈርቶን ነበር። (እኔም ቦርሳዬን ወደ ግንብ በኩል አድርጌ ነበር የምሄደው፤ አልዋሽም።) ተከፋቹን ለፖሊስ ተወዳጅ ያደረገው ነገር እኛ ጋ ሞተረኛውን ከፍቶ እንዲነዳ ያስተምረዋል። የተዘጋ ፊት ጥርጣሬ ነዋ።

ከማታር የወደቀ ሰው የት ነው የሚሄደው? መንገዱ ደረቅ ከሆነ ጋምቤላ ከተማ። ከዚያስ? ኬርንስ የሠራው ዓይነት ሥራ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር። ሠልጣኞቹ ወጥተዋል፣ ቁጥራቸው አድጓል። ቢሆንም ከጋምቤላ አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም ለሚፈስ ሰው የሚቆጠረው ግን በሰዓት ነው። እና ማታር ላይ ሄልሜቱ ከሐኪም በፊት የሚመጣ ነገር ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። በብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ግምገማ (እ.ኤ.አ. 2008) ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ብሏል።

ታዲያ ለልጁ ምን ልበለው? ‹‹ዝጋው›› ማለት ቀላል ነው፣ ከአዲስ አበባ ብርድ ለመጣ ሰው። እሱ በዚያ ሙቀት ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ መንገዱን ሳያይ ቢነዳ እሱም አደጋ ነው። ካሰብኩት በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ መቼም የማትዘጋው ከሆነ ተከፋች አትግዛ። እውነተኛ ክፍት ሄልሜት፣ ‹ጄ› የተጻፈበት፣ ነጩ ፎም ያለው ግዛ። ይቀላል፣ አየር ያስገባል፣ የተፈተነውም በዚያው ቅርጹ ነው። አገጭህን አይጠብቅም፤ እጠብቃለሁ ብሎም አይዋሽህም። ተከፋች ካለህ ደግሞ በዝግታ ስትሄድ ክፈተው፣ ፍጥነት ስትጨምር ‹ቀጭ› ሲል እስክትሰማ ዝጋው። ከሁሉም በፊት ማሰሪያውን እሰር። ምክንያቱም ተከፋች የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች አገጩን ሲዘጉት የታሰረ ይመስላቸዋል። ያልታሰረ ሄልሜት ከጭንቅላት ቀድሞ ነው የሚወድቀው።

ስንመለስ ይህን ሁሉ አላወቅኩም ነበር። ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላሬ ላይ ውሃ ልንጠጣ ስንቆም ሄልሜቱን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ነጩ ፎም አለ፣ ደህና ነው። ማሰሪያው ላይ የነበረችው ጨርቅ ግን ተቆርጣለች፤ አንገቴን እየፈገፈገችኝ ቆረጥኳት አለኝ። ፒ ይሁን ጄ እሱም እኔም አናውቅም። ዘጋሁት፣ በግራ በኩል ‹ቀጭ› አለ። በቀኝ በኩል ምንም አላለም። ደግሜ ዘጋሁት።

‹‹ተዪው እህቴ፣ እሱ ከተገዛ ጀምሮ እንደዚያ ነው›› አለና ተቀብሎኝ አደረገው፤ ማሰሪያውን አሰረ፤ አገጩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ተነሳን።